ስንጥቅ ሃይ-ሃት ላላችሁ፦ የምንመሰክርላቸው ጠጋኝ

አንድ ጥንድ አሮጌ የ14 ኢንች ሃይ-ሃት (በፔዳል የሚገጣጠሙ ሁለት የድራም ሲምባሎች፣ ማለትም የነሐስ ሳህኖች)፣ የላይኛው ጠርዙ ተሰንጥቆ፣ የታችኛው የመሃል ቀዳዳው ተበልቶ ተቀብለው፣ ሳይበይዱና ሳይወለውሉ ለጨዋታ ያበቁልንን ባለሙያ በአደባባይ እናመሰግናለን። ስማቸው እንዲለጠፍ አይወዱም፤ የሚፈልጋቸው በውስጥ መስመር ይጠይቀን። እዚህ የምንጽፈው ምን እንደሠሩና ለምን እንደዚያ እንዳደረጉት ነው። ወደ ሌላ ጠጋኝ የምትሄዱም ብትሆኑ ምን እንደምትጠይቁ ታውቃላችሁ።

የመጀመሪያው ምስጋና ላልሠሩት ሥራ ነው። "በይዱልን" ብትሏቸው እምቢ ይላሉ። የድሮዎቹ ጥሩ ሲምባሎች አብዛኞቹ ነሐሳቸው 80 በመቶ መዳብና 20 በመቶ ቆርቆሮ ነው (የጣሪያውን ሳይሆን ቲን የሚባለውን ብረት ማለታችን ነው)። ይህ ነሐስ ጥንካሬውን ሳያጣ ለመዶሻ የሚታዘዘው ግሎ ውሃ ውስጥ ሲነከር ነው፤ ቀስ ብሎ ከበረደ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። የብየዳ እሳት ያንን የፋብሪካ ሥራ በስፌቱ ዙሪያ ያበላሸዋል። ስለዚህ ብየዳው ራሱ ቢይዝ እንኳ ጎኑ ይሰነጠቃል። የብረት ሥራ ቤት ሁሉ "ይበየዳል" ይላችኋል፤ እውነት ነው፣ ይበየዳል፣ አይቆይም እንጂ።

የላይኛው ሲምባል ስንጥቅ ከጠርዙ ወደ ውስጥ 18 ሚሊ ሜትር ያህል ይታይ ነበር። ግን የስንጥቅ ጫፍ ዓይን ከሚያየው ያልፋል። እሳቸው ላምባ ቀብተው ጥቂት ካቆዩት በኋላ ገጹን በደረቅ ጨርቅ ጠረጉና የጠመኔ ዱቄት ነሰነሱበት። ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ላምባ ወጥቶ ጠመኔውን ሲያረጥበው እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ታየ፤ ሲለካ 21 ሚሊ ሜትር። በ18ቱ ላይ ቢበሱት ኖሮ ስንጥቁ ቀዳዳውን አልፎት ሄዷል፣ ሥራው ከንቱ ነበር።

ከዚያ ከሥሩ ጠንካራ እንጨት ደግፈው፣ በዝግታ፣ ዘይት እያንጠባጠቡ፣ መጀመሪያ በ1.5 ቀጥሎ በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ጫፉን በሱት። ሹል የስንጥቅ ጫፍ ምቱን ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ያከማቻል፤ ክብ ቀዳዳ ግን ያሰራጨዋል። የቀዳዳውን ከንፈር በሁለቱም በኩል በእጅ አለሰለሱ፤ ሻካራ ሆኖ ከቀረ አዲስ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያው ነው። በመጨረሻ ከቀዳዳው እስከ ጠርዙ ያለውን ስንጥቅ በቀጭን ሞረድ ከፈት አድርገው በ400 ከዚያም በ800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጨረሱት። ይህ ባይደረግ ሁለቱ ጎኖች እየተነካኩ ይንሿሿሉ። ሁሉም የእጅ ሥራ ነው፤ ፍሌክስ አላስነኩትም፣ ጠርዙ ሲግል ያው የብየዳው ችግር ይመጣልና።

ከ10 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስንጥቅ ሲሆን ሳይበሱ ጠርዙን ለጥ ባለ ቅስት ፍቀው ያወጡታል። ስንጥቁ ከጠርዙ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ከሆነ ሁለቱም ጫፎች ይበሳሉ። ጉልላቱ (መሃሉ ላይ ጎበጥ ያለው ክፍል) ላይ ከሆነ አይነኩትም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ ብለው ይመልሷችኋል።

አንድ ምክራቸው ብቻውን የሥራውን ዋጋ ያወጣል። ሃይ-ሃት ላይ የላይኛውን ሲምባል ክላቹ (ከዘንጉ ጋር የሚያስረው መያዣ) ቆንጥጦ ስለሚይዘው እንደ ሌሎቹ በራሱ አይዞርም፤ ዱላው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይመታዋል። የተጠገነውን ወገን ከዱላው በተቃራኒ አድርጋችሁ እሰሩት፣ በየጊዜውም ጤነኛውን ክፍል ጥቂት ጥቂት አዟዙሩ። ክላቹንም አታንቁት፤ በፌልቶቹ (ከላይና ከታች ባሉት ወፍራም የሱፍ ቀለበቶች) መሃል ሲምባሉ ትንሽ መወዛወዝ አለበት።

የታችኛው ቀዳዳ የተበላው አንድ ሰው ያለ ፕላስቲክ ቱቦ በባዶ የስታንድ ዘንግ ላይ ስለተጫወተበት ነው። ሌላው ጠጋኝ በመሰርሰሪያ አስፍቶ "ክብ" ያደርገው ነበር። እሳቸው ሻካራውን ብቻ አንስተው፣ ሲምባሉ መሃሉን እንዳይስት ልኩ የሆነ ቱቦ ገጠሙለት። የድራም ኩባንያው ግሬች ወደ አሜሪካ ያስገባቸው የነበሩት ኬ ዚልጂያን የተባሉ የኢስታንቡል ሲምባሎች ቀዳዳቸው ጠበብ ያለ ስለሆነ የዛሬ ክላች ላይገባባቸው ይችላል፤ እዚያም ላይ ቀጭን ክላች ፈልጉ እንጂ ሲምባሉን አታስፉ ነው ምክራቸው። የተቦረቦረ ሲምባል ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወድቃል።

ጥንዱ እውነተኛ ጥንድ መሆኑንም ይፈትሻሉ። መጀመሪያ ግራም፦ እንደ ዚልጂያን ኒው ቢት ባሉት ጥንዶች የታችኛው ከላይኛው ይከብዳል፤ በቆዩት ቀላል ጥንዶች ግን ልዩነቱ ትንሽ ሊሆን ስለሚችል ሚዛን ብቻውን አይፈርድም። ቀጥሎ ጠርዝ፦ ሁለቱን ገጥመው ከኋላ መብራት ያበራሉ። በአንድ በኩል ብቻ ሰፊ ብርሃን ከታየ ጠርዙ ተጣሟል። ዙሪያውን ምንም ብርሃን ካልታየ ደግሞ ደስ አይበላችሁ፤ በፔዳል ሲዘጋ አየሩ ውስጥ ታፍኖ "ቺክ" በማለት ፈንታ "ፉፍ" ይላል። የሲምባል ኩባንያው ፓይስቴ ሳውንድ ኤጅ በተባለው ሃይ-ሃቱ የታችኛውን ጠርዝ ሞገድማ ያደረገው ለዚሁ ነው። መፍትሔው ግን ስታንዱ ላይ አለ፦ ከታችኛው ሲምባል ማስቀመጫ ሥር ያለችውን ቪቴ አጥብቃችሁ ሲምባሉን ጥቂት አዘንብሉት። ይህን ሳይሞክር አየር እንዲያወጣ ብሎ አሮጌ ሲምባል የሚበሳ ሰው ያናድዳል።

ጽዳት ላይ ከእሳቸው ጋር አትከራከሩ። ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ያጥባሉ፣ ወዲያው ያደርቃሉ፣ በቃ። ሎሚና ኮምጣጤ ነሐሱን በልቶ ሮዝ መልክ ያስቀርበታል፤ የሚፍቅ መወልወያም የታተመውን ጽሑፍ ይዞት ይሄዳል። ከሥር የቀለም ጽሑፍ የለውም ተብሎ "የድሮ ነው" የሚሸጥላችሁ ስንቱ ተወልውሎ የጠፋበት ነው!

ነቀፋም አለን፦ ይዘገያሉ። ዛሬ ሰጥቶ ነገ መድረክ ላይ የሚፈልገው ሰው አይሂድ። ስትልኩ ሁለቱን በመሃላቸው ወፍራም ካርቶን አድርጋችሁ፣ ጠርዙን ተሰንጥቆ በተከፈተ የላስቲክ ቱቦ ሸፍናችሁ፣ ሲምባሎቹ ሳጥኑ ውስጥ እንዳይንቀሳቀሱ አድርጉ። የምትጫወቱበትን ክላችም ከነፌልቱና ከነዳዶው ጨምሩበት፤ ያለ እሱ ሥራ አይጀምሩም።