ድሬዳዋ፦ ባጃጁ፣ ማረፊያው እና የአክስቴ ምሳ ዕቃ

ከቨርጂኒያ ወደ ድሬዳዋ የሄድኩት ኩላሊቷን የታመመችውን አክስቴን ላስታምም ነው። ስለዚህ የምገመግመው የከዚራን ዛፎች ጥላና የቀፊራን ገበያ ሳይሆን፣ በሽተኛ ይዞ የሚንከራተት ሰው የሚፈልጋቸውን አገልግሎቶች ነው።

ቀላሉን በቶሎ ልጨርስ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በባቡር ለመምጣት ያሰባችሁ ደግሞ አዲሱ ጣቢያ ከተማው መሀል ያለው አሮጌው ለገሃር እንዳይመስላችሁ፤ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው ያለው። ባጃጅ የድሬ ምርጡ አገልግሎት ነው። ሹፌሮቹ ዋጋ የሚጠሩት የእንግዳውን ጫማ አይተው ነው፤ የታመመ ሰው ሲያዩ ግን ወርደው፣ ደግፈው ያስቀምጣሉ፤ ጉድጓድ ሲያጋጥማቸውም ቀስ ይላሉ። ያረፍኩበት ቤት ስሙ ይቅር። በሰኔ ሙቀት መብራት በጠፋ ቁጥር ማራገቢያው የሚቆም ማረፊያ፣ በሩ ላይ «ጄኔሬተር አለን» ብሎ መለጠፍ አልነበረበትም።

አሁን ለመጻፍ ወደተነሣሁበት ጉዳይ ልግባ። ሳቢያን አካባቢ ጥቂት ሴቶችና አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ የሚመሩት በጎ አድራጎት ማኅበር አለ። ጽኑ ሕመም ላለባቸው ሰዎች እንደየሕመማቸው ምግብ እያበሰለ ቤታቸው ድረስ ይወስዳል። ስሙን ያልጻፍኩት እነሱው ስለለመኑኝ ነው፤ የሚጠብቃቸው ሰው አሁንም ከአቅማቸው በላይ ነው።

ሐሳቡን አውቀዋለሁ። በምኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ ፉድ ኤንድ ፍሬንድስ የተባለ ድርጅት በ1988 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ለኤችአይቪ ሕሙማን ምግብ ማድረስ ጀመረ፤ የኒውዮርኩ ጎድስ ላቭ ዊ ዴሊቨር ደግሞ በ1985። በዚያን ጊዜ ሕሙማኑ ከበሽታው እኩል በረኀብ ይከሱ ነበር። ዛሬ ካንሰርም፣ ኩላሊትም፣ ስኳርም ያለበት ሰው ይስተናገዳል። በ2019 የወጣ አንድ የማሳቹሴትስ ጥናት እንዲህ ያለ ምግብ የሚደርሳቸው ሕሙማን ሆስፒታል ለመተኛት የሚገቡበት ብዛት፣ ከማይደርሳቸው መሰሎቻቸው በግማሽ ያህል ማነሱን አሳይቷል።

ድሬዳዋ ላይ ግን ነገሩ ከዚያም ይከብዳል። አሜሪካ ውስጥ የኩላሊት እጥበት በተለምዶ በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው። አክስቴ ሁለት ጊዜ ነው የምትታጠበው፤ ለሦስተኛው የሚከፈል ገንዘብ የለም። ኩላሊት ያላስወጣው ፖታሲየም ደም ውስጥ ተጠራቅሞ የልብ ምትን ያዛባል፤ ያላስወጣው ውሃም በእግርና በሳንባ ይቀራል። በሁለት እጥበቶች መካከል ያለው ጊዜ ሲረዝም፣ ሳህን ላይ ያለው ነገር የመድኃኒት ያህል ይታሰብበታል።

ወጥ ቤታቸውን አሳዩኝ። ድንቹ ተልጦ በስሱ ይከተፋል፤ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ይደፋል፤ በሌላ ውሃ እንደገና ይቀቀላል። «ጣዕሙን እኮ ደፋችሁት» ስል፣ ምድጃው ላይ ያለችው ሴት ዞር ሳትል «አቦ፣ ጣዕሙን በነጭ ሽንኩርት እንመልሰዋለን» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ቀምሻለሁ። ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድና ሎሚ የጨውን ቦታ ይይዛሉ። ቲማቲም ለስሙ ያህል ነው፤ ሙዝ፣ ብርቱካንና ቴምር ጭራሽ የሉም። በጣም የገረመኝ በርበሬው ነው። ሐኪም «ጨው ቀንሺ» ካላት ጊዜ ጀምሮ አክስቴ ወጧ ላይ ጨው ነስንሳ አታውቅም፤ ነገር ግን በርበሬውም ምጥን ሽሮውም ሲዘጋጁ ጨው ገብቶባቸዋል። ማኅበሩ የራሱን በርበሬ ያለ ጨው ያስፈጫል።

አንድ የጋራ ድስት የለም። እጥበት የጀመረ ሰው ከሰውነቱ የሚወጣውን ለመተካት በቂ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ያልጀመረው ደግሞ እንዲመጥን ይመከራል። ስለዚህ አክስቴ የእንቁላል ነጩ ሲመጣላት፣ ሁለት በር አልፎ ያለው ጎረቤት ያው ሕመም እያለበት አይመጣለትም። በዚህ ላይ የሰኔ ጾም ገባ። አክስቴን ከጾም የሚያስቆማት ሐኪም አልተፈጠረም። ባለሙያዋ አልተከራከረቻትም፤ የንስሐ አባቷን ፈልጋ አነጋገረች። እሳቸው መጥተው «ልጄ፣ ለታመመ ሰው ሥርዓቱም ያዝናል» ካሏት በኋላ ነው እንቁላሉ ወደ ቤት የተመለሰው።

ከዋሽንግተኑ የሚበልጡበት ነገር ይኸኛው ነው። መጀመሪያ የጠየቋት ስለ ኩላሊቷ አልነበረም፤ «ማዕድ የምትቀርቢው ከማን ጋር ነው?» ነበር። አክስቴ ብቻዋን መብላት አታውቅም። ሰው ከገባ የራሷን ምሳ ለእንግዳው አቅርባ፣ እሷ ከቤቱ ጨዋማ ወጥ ትጎርሳለች። ስለዚህ ወጡን ለሁለት ሰው በሚበቃ መጠን ይልካሉ፤ እንጀራውን ቤት ትጨምራለች። የአክስቴን ልጅም ወጥ ቤታቸው አስገብተው፣ የቀረውን ቤተሰብ ድስት በዚያው መንገድ እንድትሠራ አስተምረዋታል። ለአንድ ሰው ተመጥኖ የታሸገ ትሪ ድሬ ውስጥ በር ከገባ በኋላ የማን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ነው ይህን ያሰበው።

ቅሬታም አለኝ። ምሳው በስድስት ሰዓት መድረስ ሲገባው አንዳንድ ቀን ስምንት ይሆናል፤ በዚያ ሙቀት ወጥ ይህን ያህል መንገድ ላይ መቆየት የለበትም። ምሳውን የሚያመጣው ልጅ በሩን እያንኳኳ «እማዬ ክፈቺ፣ ሳይቀዘቅዝ!» ሲል ያስቃል፤ ድሬ ላይ የሚያሰጋው መቀዝቀዙ አይደለም። እሑድ አይሠሩም። አንድ ጊዜ ደግሞ የስኳር በሽተኛ ምሳ ተቀይሮ መጣ። በምሳ ዕቃው እጀታ ላይ የሚታሰረው ክር ለኩላሊት ቀይ፣ ለስኳር ሰማያዊ ስለሆነ የአክስቴ ልጅ ወዲያው ለየችው፤ ግን ክሩን የማያውቅ ሰው ቤት ቢገባስ? ስነግራቸው አልተከላከሉም። በማግስቱ ክዳኑ ላይ የሕመምተኛው ስም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ተጽፎ መጣ። ከአምስት አራት ሰጥቻቸዋለሁ፤ አንዷን ያስቀረሁት ለእሑድ ነው።

ምግቡ ለሕሙማን በነፃ ነው። ከውጭ ሆኖ የአንድ ሰው ወጪ ለመሸፈን የሚፈልግ በባንክ ይልካል፤ ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ ገንዘቡ በምን ላይ እንደዋለም በየወሩ ይጽፋሉ።

ዕቃ ይዛችሁ ለምትሄዱ፦ በአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች «የጨው ምትክ» እየተባለ የሚሸጠውን ለኩላሊት በሽተኛ እንዳትወስዱ። ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፤ ማለትም አክስቴ የምትሸሸው ነገር ራሱ። ዘመዶች በደግነት የላኩትን ማኅበሩ ሰብስቦ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፎበታል። የሚጠይቁት በግራም የሚመዝን የኩሽና ሚዛንና ክዳኑ የሚጠብቅ የብረት ምሳ ዕቃ ነው። ያላቸው ሞተር ብስክሌት አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ የሚገዛላቸው ከተገኘ እሑድም እንደሚወጡ ነግረውኛል።