የነዳጅ ዘይትና ጋዝ እምቅ ሀብት ግምገማ፦ የሴይስሚክ ቅኝት ወይስ የፍለጋ ጉድጓድ?

በአንድ ደለላዊ ተፋሰስ (ደለል ለረጅም ዘመን ተከማችቶ አለት በሆነበት ረባዳ አካባቢ) ውስጥ ነዳጅ ዘይትና ጋዝ ሊኖር እንደሚችል ለመገምገም ምንጭ አለት (ዘይትና ጋዝ የሚያመነጭ)፣ ማከማቻ አለት (በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚይዝ)፣ ክዳን አለት (እንዳያመልጥ የሚከድን) እና ወጥመድ (ዘይትና ጋዝ የሚጠራቀምበት የአለት ቅርጽ) መኖራቸውን፣ እንዲሁም ወጥመዱ ዘይቱ ከምንጭ አለቱ ወጥቶ ከመፍለሱ በፊት የተፈጠረ መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል።

የሴይስሚክ ቅኝት ወደ ከርሰ ምድር የተላከ ሞገድ ከአለት ንብርብሮች ነጥሮ ለመመለስ የሚወስድበትን ጊዜ በመመዝገብ የተፋሰሱን ጥልቀት፣ እጥፋቶችንና ስብራቶችን በሰፊ ቦታ ላይ ያሳያል። ይሁን እንጂ በዋናነት የሚያሳየው ቅርጽን እንጂ ይዘትን አይደለም፤ በምስሉ ላይ ደምቆ የታየ ንብርብር ለምርት የማይበቃ ጥቂት ጋዝ ብቻ ይዞ ሊገኝ ይችላል።

ጉድጓዱ ግን አለቱን ራሱን እጅ ላይ ያስገባል። ከቁፋሮው የወጣ ጥቁር ሼል (ከጭቃ የተፈጠረ ደቃቅ አለት) በላቦራቶሪ ተመርምሮ የኦርጋኒክ ካርቦን መጠኑ ከ1 በመቶ በላይ ከሆነ ተስፋ ሰጪ ምንጭ አለት ነው፤ የቪትሪናይት (በአለቱ ውስጥ ያለ፣ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ብርሃን ይበልጥ የሚያንጸባርቅ የዕፅዋት ቅሪት) ነጸብራቁ በግምት ከ0.6 እስከ 1.3 በመቶ ከሆነ ደግሞ አለቱ ዘይት ለማመንጨት የሚበቃ ሙቀት አግኝቷል ማለት ሲሆን፣ ከዚያ ካለፈ የሚጠበቀው በአመዛኙ ጋዝ ነው። የጉድጓዱ ድክመት፣ ከውድነቱ ሌላ፣ የሚያሳየው ቦታ ጥበት ነው፤ ደረቅ (ዘይትም ጋዝም የሌለበት) ሆኖ መገኘቱም የዚያ ወጥመድ ክዳን ማፍሰሱን ብቻ ሊያመለክት ስለሚችል በመላው ተፋሰስ ላይ ለመፍረድ አያበቃም።

በእኔ ግምት ባልተጠና ተፋሰስ ቅኝቱ ይቅደም። በቂ የሴይስሚክ መረጃ እያለ ስለ ምንጭ አለቱ ምንም ካልታወቀ ግን፣ ተጨማሪ የቅኝት መስመር ከመዘርጋት ይልቅ ምንጭ አለቱን እንዲያቋርጥ ታስቦ የተቆፈረ አንድ ጉድጓድ፣ ክምችት ባይገኝበትም እንኳ፣ የበለጠ ይጠቅማል።