ሶዶ ላይ ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ? ሐዋሳና አርባ ምንጭ ለጅማ ሰው

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ያለች ጎረቤቴ ቡና ጠርታኝ «አንቺ ሁለቱንም ታውቂያቸዋለሽ፣ ለእረፍት ሐዋሳ ይሻለኛል ወይስ አርባ ምንጭ?» አለችኝ። አቦል ላይ የጀመርነው ወሬ በረካ ላይም አላለቀም። ስለዚህ ልጻፈውና ልገላገል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ምክር በሙሉ ማለት ይቻላል ለአዲስ አበባ ሰው የተጻፈ ነው። ለእነሱ ሐዋሳ ቅርብ ነው፣ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ አርባ ምንጭ ደግሞ ሩቅ። እኛ ግን ከጅማ ነው የምንነሳው። በጭዳ አድርገን፣ ታርጫን አልፈን፣ ኦሞ ድረስ ወርደን፣ እንደገና ወጥተን ወላይታ ሶዶ እንገባለን። እስከዚያ መንገዱ አንድ ነው። ሶዶ ላይ ወደ ግራ ከታጠፋችሁ በሀላባና በሻሸመኔ ሐዋሳ ነው፤ ወደ ቀኝ ከታጠፋችሁ አርባ ምንጭ፣ 120 ኪሎ ሜትር ያህል። እንዲያውም ሐዋሳ ነው ትንሽ የሚርቀው! «አርባ ምንጭ ሩቅ ነው» የሚለው ነገር የእኛ ሂሳብ አይደለም።

በአዲስ አበባ ዞሬ ሐዋሳ ልግባ ካላችሁ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ማደር አለ። በአውሮፕላን ከሆነም ከአባ ጅፋር ተነስታችሁ ቦሌ ላይ ትቀይራላችሁ፤ ቀኑን አየር ማረፊያ ቁጭ ብላችሁ እንዳትጨርሱት በሁለቱ በረራዎች መካከል ስንት ሰዓት እንዳለ ትኬቱን ከመቁረጣችሁ በፊት እዩ።

የታርጫው መንገድ ውብ ነው፣ ግን ጠመዝማዛ ነው። ትንሿ ልጄ ወደ ኦሞ ስንወርድ ሦስት ጊዜ አስመለሳት። የማስመለሻ ከረጢትና ሎሚ በእጃችሁ ይሁን፣ በአውቶቡስ ከሆነ ልጅ ከኋላ ወንበር አታስቀምጡ፣ ከመነሳታችሁ በፊት በባዶ ሆድ ወተት አታጠጡ (እኔ አጠጥቼ ነበር)። ንጋት ላይ ውጡ፣ ማታ አትንዱ። መንገዱ ሰላም መሆኑንና ዝናብ ያበላሸው ቦታ አለመኖሩን ደግሞ መናኸሪያ ሄዳችሁ በዋዜማው ከታርጫ የመጣ ሹፌር ጠይቁ፤ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ገንዘቡ ካላችሁ ዳውሮ ላይ ሃላላ ኬላ ሪዞርት አድራችሁ ጉዞውን ለሁለት መክፈል ትችላላችሁ።

እሺ፣ ወደ ከተሞቹ።

ሐዋሳ ቀላል ከተማ ናት። ሜዳ ነች፣ ባጃጁ በየደቂቃው ነው፣ ከሆቴል ወጥታችሁ በእግር ሐይቁ ዳር ትደርሳላችሁ። ጠዋት አሞራ ገደል ሂዱ። አሳ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ ልጆች ቆሮሶ የሚባለውን አሳ በፍጥነት ሲገፍፉት፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ እንደ ሽማግሌ እጃቸውን ወደኋላ ያጣመሩ መስለው ዙሪያውን ቆመው የአሳ አንጀት ሲጠብቁ ታያላችሁ። ልጆቼ ከጉማሬው ይልቅ አባ ኮዳውን ነው እስከ ዛሬ የሚያወሩት። ጉማሬ ለማየት ብቻ ከሆነማ እዚሁ ጅማ ቦዬ አለን፣ ያን ያህል መንገድ አያስኬድም። የአሳ ሾርባውን በሚጥሚጣ ጠጡ። ጥሬውን ባለቤቴ በአዋዜ በላ፤ እኔ አልደፈርኩም። ከሰዓት ታቦር ተራራ ላይ ወጥቶ ከተማውንና ሐይቁን ከላይ ማየት፣ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር መንሸራሸር። በቃ፣ ሐዋሳ ይሄው ነው። ሁለት ቀን ይበቃል፤ በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ዋና ካላገኙ «መቼ ነው የምንመለሰው» ይጀመራል።

ሐዋሳ ላይ የሚያበሳጨው የበዓል ሰሞኑ ነው። አገሩ ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል፣ የአልጋ ዋጋም አብሮ ይወጣል። እኛ በስልክ «የሐይቅ እይታ ያለው» ተብለን ቀብድ የላክንበት ክፍል ስንገባ መስኮቱ የሚያየው የጎረቤት ሕንፃ ላይ የተሰቀለ የውሃ ሮቶ ነበር። ለእንግዳ መቀበያው ልጅ ስነግረው ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ ጥግ ተመለከተና «ያችት፣ በሮቶው በስተግራ ትታያለች» አለኝ። እውነቱን ነው፣ መዳፍ የምታህል ሰማያዊ ነገር ነበረች።

አርባ ምንጭ ሌላ ዓይነት ነው። ገና ስትቃረቡ ሙቀቱ ይቀበላችኋል። ጅማ ለለመደ ሰው እኩለ ቀን ላይ ውጭ መዋል አይታሰብም። ግን ከላይኛው ከተማ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ስታዩ፣ በአንድ በኩል አባያ ቀላ ያለ ውሃውን፣ በሌላ በኩል ጫሞን፣ መካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለውን መሬት፣ ከሥር ደግሞ ያንን ደን፣ ለሙቀቱ ይቅርታ ታደርጋላችሁ። ያንን እይታ ሐዋሳ ላይ አታገኙትም፣ አትድከሙ።

ዋናው ነገር የጫሞ ጀልባ ነው። አዞ ገበያ የሚባለው ቦታ የሚሸጥም የሚገዛም የለበትም፤ አዞዎቹ ናቸው ዳርቻው ላይ ተሰልፈው አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ የሚሞቁት። ትልቋ ልጄ እጇን ውሃው ውስጥ ነክራ ስትጫወት ጀልባ ነጂው ሞተሩን ቀነስ አደረገና «እህቴ፣ እጇን አስወጪያት፣ እዚህ በውሃ አይጫወቱም» አለኝ። በእርጋታ ነው ያለው፤ እኔ ግን እስክንመለስ ድረስ እጇን አልለቀቅኩም። የከፈልነው ለጀልባው እንጂ በሰው ቁጥር አልነበረም፣ ስለዚህ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተዳብላችሁ ብትሄዱ ያዋጣል። ጠዋት ወይም ወደ ማታ ይሁን፣ ቀትር ላይ አትውጡ።

ሁለተኛው ቀን ለዶርዜ ነው። ወደ ጉጌ ተራራ ስትወጡ አየሩ እንደኛ አገር ቀዝቀዝ ይላል፣ ሹራብ ያዙ። ዝሆን የሚመስሉትን የቀርከሃ ቤቶች፣ ሸማኔውን፣ ቆጮ በማርና በዳጣ። ለእኔ የጉዞው ሁሉ ምርጡ ምሳ ያ ነበር። ነጭ ሳር ፓርክ የሜዳ አህያ ለሚወድ ሰው ነው፤ ጠንካራ መኪና ይፈልጋል፣ በተራ አውቶሞቢል አትሞክሩት። እኛ ተውነው።

ወጪውን በተመለከተ፣ ሐዋሳ ገንዘባችሁን በአልጋ ትወስዳለች፤ አርባ ምንጭ ደግሞ አልጋው ቀለል ቢልም በጀልባ፣ በፓርክ መግቢያ፣ በአስጎብኚና በዶርዜ መኪና ቀስ በቀስ ይለቅማችኋል። እኛ አራት ሆነን ሁለቱም ጋ ያወጣነው ያን ያህል አልተለያየም። የግል መኪና ከሌላችሁ ግን ሐዋሳ በግልጽ ይረክሳል፣ ምክንያቱም ባጃጅ ሁሉንም ቦታ ያደርሳችኋል።

ወቅቱንም አስቡ። አርባ ምንጭ ዋናው ዝናቡ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ለሁለቱም ጥሩ ነው፣ የእኛም መንገድ ይደርቃል። ወባ አርባ ምንጭ ላይ የምር ነው፤ ሆቴል ስትይዙ አጎበር መኖሩን ጠይቁ፣ ቀዳዳ ካለውም አስቀይሩ።

እና የቱ? የእረፍት ቀናችሁ አራት ከሆነ፣ ሁለቱ ለመንገድ ስለሚሄዱ፣ ሕፃን ወይም ሽማግሌ ካለ፣ ሐዋሳ። አምስት ስድስት ቀን ካላችሁ፣ ልጆቹ ከፍ ካሉ ወይም አዲስ ተጋቢዎች ከሆናችሁ ያለ ምንም ማመንታት አርባ ምንጭ። ሳምንት ያለው ሰው ሁለቱንም ያድርግ፣ ግን አርባ ምንጭን ያስቀድም፤ ከሙቀቱና ከአቧራው በኋላ ሐዋሳ ላይ ማረፍ ደስ ይላል፣ ተቃራኒው ግን ያደክማል።

ጎረቤቴ እናቷን ይዛ ስለምትሄድ ሐዋሳን መርጣለች። ቀብዱን ከመላኳ በፊት ግን የሆቴሉ ሰው ክፍሉ ውስጥ ቆሞ መስኮቱን ከፍቶ በቪዲዮ እንዲያሳያት አደረግኳት። ሐይቁ ነበረ። ሮቶም አልነበረም።