ለሠርግና ለፖርትሬት፦ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ከሁለት ሌንሶች ጋር

ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በካሜራ ዕድሜ ሽማግሌ ነው። እኔ ግን ዛሬም ሠርግ የምሠራው በእሱ ነው። ያገለገለ ካሜራ የሚፈልግ ሰው ሲጠይቀኝም መጀመሪያ የምጠራው እሱን ነው። ቦዲው (ሌንስ የሌለው ካሜራ) ላይ የተረፈው ገንዘብ ሌንስ ላይ ሲውል ፎቶው ላይ ይታያላ!

ሠርግ ድገሙልኝ አይባልም። ስለዚህ ካሜራ ሳይ ሜጋፒክስሉን ከመጠየቄ በፊት ስንት ካርድ እንደሚይዝ ነው የማየው። በዚያው ዓመት የወጡት ካኖን ኢኦኤስ አር እና ኒኮን ዜድ6 ጎበዝ ካሜራዎች ናቸው፤ ግን የካርድ ቦታቸው አንድ ብቻ ነው። ኤ7 ማርክ 3 ሁለት አለው። እኔ ሁለቱም ላይ እኩል እንዲጽፍ አድርጌ ነው የምሠራው። አንድ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ቀለበት እንዳደረጉ አንደኛው ካርድ አልነበብም ብሎ እርፍ። ሁለተኛው ላይ ግን አንድም ፎቶ አልጎደለም። ሙሽሮቹ እስከ ዛሬ አያውቁም። ብቻ ልብ በሉ፣ ፈጣኑን የዩኤችኤስ-2 ካርድ በሙሉ ፍጥነቱ የሚያሠራው አንደኛው ቦታ ብቻ ነው። ሁለቱም ላይ ስታስጽፉ ፈጣኑ ዘገምተኛውን መጠበቁ አይቀርም።

24 ሜጋፒክስል ያንሳል የሚሉ አሉ። 6000 በ4000 ፒክስል በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 50 በ34 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ለአልበም ከዚህ በላይ ምን ሊሠራ ነው?

ያገለገለ ስትገዙ የፈርምዌሩን (ካሜራውን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ቨርዥን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው 3.0 በፊት የዓይን ፎከስ (ካሜራው ራሱ ዓይን ላይ እንዲያነጣጥር) ለማሠራት ለብቻው የተመደበ ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ሻተሩን በግማሽ መጫን ይበቃል፤ የሙሽሪትን ዓይን ይዞ አይለቅም። ባትሪውም አያሳፍርም።

የማልወድለት? የኋላ ስክሪኑን። ጥራቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ጥርት ያለው ፎቶ እንኳ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ሙሽሪት «እስቲ ልየው» ስትል ቅር ይለኛል። ድምፅ አልባው ሻተርም በኤልኢዲ መብራት ሥር ፎቶው ላይ መስመር መስመር ያወጣል፤ በዚያ ሞድ ላይ ደግሞ ፍላሽ አይሠራም። ድምፅ አልባውን የምጠቀመው የተፈጥሮ ብርሃን ሲኖር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሌንሱ። ለፖርትሬት የያዝኩት የሶኒን ኤፍኢ 85 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ነው። «ኤፍ» የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ይገባል፣ ጀርባውም ይበልጥ ይደበዝዛል። ታላቅ ወንድሙ፣ የመጀመሪያው 85 ኤፍ 1.4 ጂ ማስተር፣ 820 ግራም ይመዝናል። የእኔው 371 ነው። ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ ሲውል ልዩነቱን ማታ ትከሻዬ ይነግረኛል። በብርሃን በኩል ያለው ልዩነት ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ነው (አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ነው)፤ አይሶ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 የነበረው 5000 ይሆናል እንደማለት። ይኼን ቦዲው ችሎ ይወጣዋል።

የጀርባ ብዥታው ግን ያንሳል ትሉኛላችሁ። ሂሳቡን እንየው። በ85 ሚሊሜትር፣ በኤፍ 1.8፣ ከሁለት ሜትር ርቀት ፎከስ ውስጥ የሚገባው 6 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ እንኳ አይደርስም። ሙሽራው ከሙሽሪት ትንሽ ወደ ኋላ ከቆመ አንዳቸው ብዥ ይላሉ። ስለዚህ ለሁለት ሰው ወደ ሦስት ሜትር አፈገፍግና ኤፍ 4 አደርገዋለሁ፤ 30 ሴንቲሜትር ያህል አገኛለሁ፣ ጀርባውም አሁንም ለስላሳ ነው። ኤፍ 1.4ን ከፍሎ ገዝቶ በኤፍ 4 መሥራት ለእኔ አይዋጥልኝም።

በነገራችን ላይ 85 ፊት ያሳምራል ሲባል ምሥጢሩ መስታወቱ ውስጥ አይደለም። ራቅ ብላችሁ እንድትቆሙ ስለሚያስገድዳችሁ ነው። አፍንጫን የሚያገዝፈው ቅርበት ነው። ኤፒኤስ-ሲ (ሴንሰሩ አነስ ያለ) ካሜራ ያላችሁ 50 ሚሜ ኤፍ 1.8 ይዛችሁ ያንኑ ታገኛላችሁ፤ በሶኒና በኒኮን እንደ 75 ይሆናል።

ጉድለቱን አልደብቅም። ነጭ ቬሎ ከመስኮት ፊት ለፊት ሲቆም፣ በኤፍ 1.8 ጠርዙ ላይ ሐምራዊና አረንጓዴ ቀለም ይወጣል። ኤፍ 2.8 ላይ ይቀንሳል፣ የቀረው በኤዲቲንግ ይጠፋል። ከ80 ሴንቲሜትር በታች ፎከስ ስለማያደርግም ቀለበት ለማንሳት አይመችም።

ቀለበቱን የማነሳው በመጀመሪያው ታምሮን 28-75 ኤፍ 2.8 ነው። 75 ላይ ሆኖ እስከ 39 ሴንቲሜትር ያስጠጋል። 550 ግራም ነው፤ ለዙም ቀላል የሚባል። የሠርጉን አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው፦ መግቢያውን፣ እንግዶቹን፣ ጭፈራውን። ከ28 መጀመሩ ግን ያናድዳል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ቤተሰቡን አሰልፋችሁ ጀርባችሁ ግድግዳ ሲነካ፣ ሰፋ አድርጎ የሚያሳየው የ24 ሚሊሜትር ጥቅም ያኔ ይገባችኋል። የሁለቱም ሌንሶች ፊልተር 67 ሚሊሜትር መሆኑ ደግሞ ደስ ይላል፤ አንድ ፊልተር ለሁለቱ።

ቪዲዮም አብራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግን ይኼን ቦዲ አልመክርም። 4ኬው በሰከንድ ከ30 ፍሬም አያልፍም፣ ቀለሙም 8 ቢት ነው (ቢት ሲበዛ የቀለም ደረጃው ይበዛል)። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ማርክ 4 በ10 ቢት ይቀርጻል፣ 33 ሜጋፒክስልም ነው። ሌንሶቹ እሱም ላይ ይገጥማሉ።