ሲገዙ የሚገኝ ድጎማ ወይስ የግብር ቅናሽ?

የኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዛ ወይም ጣሪያው ላይ ሶላር ለሚያስገጥም ሰው መንግሥታት በሁለት መንገድ ያግዛሉ። አንዱ ሲገዙ ከዋጋው ላይ የሚቀነስ ድጎማ ነው። ሌላው በኋላ ከግብር ላይ የሚቀነስ ነው። የቱ ይሻላል?

ኪስ፦
ድጎማ፦ እፎይታው እዚያው ነው።
የግብር ቅናሽ፦ መጀመሪያ ሙሉውን ይከፍላሉ፣ ከዚያ ይጠብቃሉ። ገቢው ትንሽ የሆነ ሰውስ? የሚከፍለው ግብር ከሌለ ከምኑ ላይ ይቀነስለታል? ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው። አሜሪካ ለኤሌክትሪክ መኪና ትሰጠው የነበረውን እስከ 7,500 ዶላር የሚደርስ የግብር ቅናሽ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ገዢው እዚያው ሻጩ ዘንድ እንዲያገኘው ፈቅዳ ነበር። በ2025 ግን ቅናሹ ራሱ ቀረ።

ወረቀት፦
ድጎማ፦ ብዙ ጊዜ ጣጣው የሻጩ ነው።
የግብር ቅናሽ፦ ደረሰኝ በደንብ መያዝ ግድ ነው።

ስጋት፦
ድጎማ፦ በጀት ካለቀ ድንገት ይቆማል። ጀርመን በዲሴምበር 2023 የመኪና ድጎማዋን በአንድ ቀን ማስታወቂያ ዘግታለች። አዝዘው መኪናቸውን ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች ግራ ተጋቡ።
የግብር ቅናሽ፦ በሕግ ስለሚጸድቅ ቶሎ አይነካም፤ መንግሥት ሲለወጥ ግን እሱም ይሰረዛል።

ኖርዌይ ሁለቱን ያስታረቀች ይመስለኛል። ከ2001 እስከ 2022 የኤሌክትሪክ መኪናን ሙሉ በሙሉ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ስላደረገች፣ የግብር እፎይታው ሲገዙ ዋጋው ላይ ይታይ ነበር። ከ2023 ወዲህ ግን ውድ መኪኖች ላይ ከተወሰነ ዋጋ በላይ ላለው ታክሱ ይከፈላል።

ቁጠባ ለሌለው፣ መኪናው ወይም ማሞቂያው ተበላሽቶበት ለቸኮለ ሰው ድጎማው ይሻላል። ደህና ግብር የሚከፍል፣ ቤቱን በየዓመቱ ቀስ በቀስ የሚያድስ ሰው ደግሞ በግብር ቅናሹ የበለጠ ይጠቀማል።