የእንጨቷ አሻንጉሊት፦ ሰው መሳል ለሚጀምር ትጠቅማለች?

ሰው መሳል ልማር ብዬ መጀመሪያ የገዛሁት ይቺን የስዕል ዕቃ የሚሸጥበት ሁሉ የማትጠፋ የእንጨት አሻንጉሊት ነው። ታውቋታላችሁ፤ ፊት የላትም፣ መገጣጠሚያዎቿ ይተጣጠፋሉ፣ ከኋላ የብረት ዘንግ ደግፏት ትቆማለች። ስድስት ወር ተጠቅሜባታለሁ፣ እና የታዘብኩትን ልንገራችሁ።

ጥሩ ጎን አላት። አትደክምም፣ «ልረፍ» አትልም። መብራት በአንድ ጎን አብርታችሁ ብርሃንና ጥላ ለመለማመድ ትመቻለች። ክንዷን ወደ እናንተ ቀጥ አድርጋችሁ ብትዘረጉት ደግሞ ረጅሙ ክንድ ከፊት ሲታይ እንዴት አጥሮ ክብ ሊመስል እንደሚደርስ ታያላችሁ። ይሄ ነገር ጀማሪን የሚያስለቅስ ስለሆነ እዚህ ላይ ውለታዋን አልረሳም።

ከዚያ ውጪ ግን ጎድታኛለች ማለት ይቻላል።

ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ እሷን እያቆምኩ ስዬ አንድ ደብተር ጨረስኩ፣ በጣም የተሻሻልኩም መስሎኝ ነበር። ከዚያ ስዕል ላይ የቆየች ጓደኛዬን አሳየኋት። አንዱን ገጽ ብዙ አየችና «ይሄ ሰውዬ የቆመው በየትኛው እግሩ ነው?» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። እኔ ስለ ጣቶቹ የምታወራልኝ መስሎኝ ነበር፤ አንድ ሰዓት የፈጀሁት እነሱ ላይ ነዋ!

መልስ አልነበረኝም። መስታወት ፊት አቆመችኝና ክብደቴን ቀኝ እግሬ ላይ እንድጥል፣ ግራውን ዘና እንዳደርገው ነገረችኝ። ቀኝ ዳሌዬ ከፍ አለ፣ ግራው ወረደ፤ ትከሻዬ ደግሞ ተቃራኒውን ሠራ፣ ቀኙ ዝቅ አለ። ስንት ዓመት ከዚህ ገላ ጋር ስኖር አንድም ቀን አላየሁትም። ከዚያ እርሳስ አንስታ ከሰውዬዬ አንገት ሥር ካለችው ጎድጓዳ ቦታ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ታች አወረደች። ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም መስመሩ የሚያርፈው ክብደቱን የያዘው እግር አካባቢ ነው። የእኔው ከሁለቱም እግሮች ውጪ አረፈ። ሰውዬው መውደቅ ነበረበት!

አሻንጉሊቷ ግን አትወድቅም፣ ዘንግ አላታ። ክብደት የሚባል ነገር አይነካትም። ክንዷን ሽቅብ ብታነሱት እንኳ ትከሻዋ ካለበት አይነቃነቅም፣ የእኛ ግን አብሮ ይነሳል። ሦስት ወር የተለማመድኩት እንጨት መሳል ነበር።

እውነቱን ለመናገር ከፍቶኝ ሁለት ቀን ደብተሩን አልከፈትኩም።

አሁን የምሠራው ሌላ ነው። የሰው ፎቶ አስቀምጬ፣ ሰዓት ሞልቼ፣ አንዱን አቋቋም በ30 ሰከንድ፣ ሌላውን በ2 ደቂቃ እስላለሁ። በ30 ሰከንድ ጣት ላይ መድረስ አይታሰብም፤ ከራስ ተነስቶ ክብደት እስከያዘው እግር የሚወርደውን መስመርና የዳሌና የትከሻን ዘመም ማለት ከያዛችሁ በቂ ነው። አብዛኛው አስቀያሚ ይወጣል፣ ይውጣ። አስተያየት ስጠይቅም «እንዴት ነው?» ማለት ትቻለሁ፣ ምክንያቱም መልሱ ሁሌም «ጎበዝ» ነው። «ይወድቃል ወይስ ይቆማል?» ብዬ ስጠይቅ ግን ሰው እርሳሱን ተቀብሎኝ ያሳየኛል። ከዚያ ያንኑ አቋቋም ከአሮጌው ጎን ደግሜ እስለዋለሁ። አዲስ ገጽ ላይ ከሆነ ራሴን አታልላለሁ።

ለአሻንጉሊቷ ከአምስት ሁለት ኮከብ። ሁለቱም ለጥላው ናቸው። ደግሞ ዕድሜዋም አጭር ነው፤ ውስጧ ያለው ሽቦ ላልቶ አሁን ወደ አንድ ጎን ዘመም ብላ ነው የምትቆመው። ጓደኛዬ ባለፈው አይታት «ገና አሁን ሰው መሰለች» አለች።