ጎልፍ ጂቲአይ ወይስ ቢኤምደብሊው 318አይ? ለደሴና ለሐረጎ መንገድ

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ፈጠን ያለች መኪና የሚወድ ሰው ምርጫው እዚሁ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት አሮጌዎቹ ናቸው። በሁለተኛው ትውልድ የቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይና ኢ30 በሚባለው ቢኤምደብሊው 318አይ መካከል የሚያመነታ የደሴ ገዢ ካለ የፍጥነቱን ክርክር ይተወው። ሁለቱም 1.8 ሊትር ናቸው፤ ስምንት ቫልቩ ጎልፍ 112 የፈረስ ጉልበት አለው፣ 318አይ ደግሞ እንደ ሞተሩ 105 ወይም 113። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ የሳሳው አየር ከሁለቱም ሩብ ያህሉን ጉልበት ይወስዳል። ጎልፍ በፊት ጎማ ይጎትታል፣ ቢኤምደብሊው በኋላ ጎማ ይገፋል፤ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

በክረምት የሐረጎን ቁልቁለት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ያውቀዋል፦ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት፣ አስፋልቱ ረጥቦ፣ አንዱን ኩርባ ሳይጨርሱ ሌላው ይመጣል፤ ከፊት ደግሞ ተሳቢ የጎተተ ከባድ መኪና ብቅ ይላል። እዚህ ጎልፍ ይሻላል። ኩርባው ውስጥ በፍጥነት ከገቡ ፊቱ ወደ ውጭ ይገፋል፣ እግርዎን ከነዳጁ ቀስ አድርገው ሲያነሱ ወደ መስመሩ ይመለሳል። ቢኤምደብሊው ላይ ግን ኩርባ መሀል ደንግጠው እግርዎን ከነዳጁ በአንዴ ካነሱ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና ኋላው ተንሸራቶ ይዞራል። እንደ ዛሬዎቹ መኪኖች መንሸራተቱን የሚያርም መሣሪያ የለውም። ለለመደ እጅ ግን እንደ እሱ የሚያስደስት የለም፤ የፊት ጎማው ሥራ መዞር ብቻ ስለሆነ መንገዱ መሪው ላይ ይሰማል። መንጃ ፈቃድ በቅርቡ ላወጣ ልጅ ግን አልመክርም።

ሽቅብ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ጦሳ ተራራ ሥር ወዳሉት ሰፈሮች በሚያወጣ የጠጠር ዳገት አራት ሰው ይዘው ሲወጡ ክብደቱ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ የጎልፍ የፊት ጎማ ይቀልና ጠጠር እየበተነ ባዶውን ይሽከረከራል። ቢኤምደብሊው ጭነቱ የሚያርፈው በሚገፋው ጎማ ላይ ስለሆነ እየቆነጠጠ ይወጣል።

ደላላው ቀለሙን ሲያወድስ እርስዎ ኮፈኑን ያስከፍቱ። እስከ እ.ኤ.አ. 1987 በተሠራው 318አይ ላይ ያለው ኤም10 የሚባል ሞተር ቫልቮቹን የሚያሠራው በካቴና (በብረት ሰንሰለት) ነው፤ ቀጥሎ የመጣው ኤም40 ግን በቺንጋ (በላስቲክ ቀበቶ) ነው። የኤም40 ቺንጋ ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቩን ይመታል፣ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ማውረድ ይከተላል። ስለዚህ ሻጩ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ካላወቀ የማስቀየሪያው ከዋጋው ይቀነስ። እኔ ብሆን ኤም10ን ነበር የምፈልገው። ካምቢዮውን ጉልበቱን ወደ ኋላ ጎማ ከሚያደርሰው ዘንግ፣ ከካርዳኑ፣ የሚያያይዘውን ክብ ላስቲክም ከሥር ገብተው ይዩት፤ ከተሰነጣጠቀ ሲነሳ ይመታል።

ጎልፉን መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረው ቀስ ብለው ይንዱት። ከፊት ጎማ በኩል «ቀጭ ቀጭ» ካለ የፊት ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መጋጠሚያ፣ ጆይንቱ፣ አልቋል፤ የጆይንቱ የላስቲክ ሽፋን ተቀዶ አቧራና ጭቃ ገብቶበታል ማለት ነው።

በየቀኑ ደሴና ኮምቦልቻ ለሚመላለስ ሰው ጎልፉን እመርጥለታለሁ። ቤቱ ዳገት ላይ ሆኖ ቤተሰብ የሚያመላልስና እጁ የበሰለ ከሆነ 318አይን ይውሰድ፤ ሐምሌ ሳይገባ ግን ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በአዲስ ይቀይር።